ማሳህን አንድ አድርግ

አንድ ሰው ነበረ፤ የሚያጉረመርም ሣጥን የሠራ። ቆዪ ይታይሽ፣ ግንባርሽን አትቋጥሪብኝ፤ ጥያቄሽን አልዘለልኩትም። «አባ፣ ከታላቅ እህቴ ጋር ከተኳረፍን አምስት ዓመት ሆነን። ሠርጌ ከፋሲካ በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ ታላቅሽ የሌለችበት ሠርግ ነውር ነው አሉኝ። ልቤ ሳይጠራላት ለሠርጌ ስል ብቻ ሄጄ ይቅር በይኝ ብላት ግብዝነት አይሆንብኝም ወይ?» ነው ያልሽኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የንስሐ አባትሽ ነኝና ይሆናል ወይም አይሆንም ብዬ ልሸኝሽ እችል ነበር። ግን አውቅሻለሁ፤ ይሆናል ብልሽ ለምን ትያለሽ፣ አይሆንም ብልሽም ለምን ትያለሽ። ስለዚህ ተቀመጪና ስሚ።

ሰውየው ከተማ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ክፉ አመል የለበትም፤ አይጠጣም፣ አይቅምም። አንድ ሱስ ብቻ ነበረበት፤ ከሥራ ሲወጣ እቤቱ ቁጭ ብሎ በአምፖል የሚሠራ አምፕሊፋየር፣ ድምፅ ማጉያ ማለት ነው፣ መገጣጠም። መጀመሪያ ሲነግረኝ አምፖል ያለው ቤት የሚያበራውን መስሎኝ ነበር። አይደለም። ድሮ በአባቶቻችን ጊዜ በነበሩት ትልልቅ ራዲዮኖች ሆድ ውስጥ የሚቀመጥ፣ ትንሽ ብርሌ የሚመስል መስታወት ነው። ኤሌክትሪክ ሲገባው ውስጡ እንደ ፍም ይቀላል፣ ሲሞቅ ደካማውን ድምፅ ያጎላዋል። ዛሬ ያንን ሥራ ጥፍር የማታህል ነገር ስለምትሠራው አምፖሉን የሚፈልገው የለም። እሱ ግን ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች እየለቀመ፣ በጥጥ ጠቅልሎ እንደ ዕንቁላል ተጠንቅቆ ወደ ቤቱ ያመጣዋል።

ይህ ሁሉ ተደክሞ የሚወጣው ድምፅ ሁለት ዋት ነው አለኝ። ሁለት ዋት ስንት ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «የቤተ ክርስቲያናችን ድምፅ ማጉያ መቶ ሃምሳ ነው» አለኝ። ታዲያ ምኑን ማጉያ ሆነ ብዬ ሳቅሁበት። አልተቀየመኝም። «አባ፣ ይኼ ለአንድ ክፍል ነው እንጂ ለሰፈር አይደለም» አለኝ። ይህቺ አነጋገሩ በእውነት ደስ አለችኝ። የእኛ መቶ ሃምሳ ሰፈሩን ስታስመርር ነው የምትውለው፣ ሰዎቹ ለእኔ ሲሉ ዝም ይላሉ እንጂ።

ሠርቶ ጨረስኩ አይልም ይህ ሰው። መጀመሪያ የሠራው ካንድ የተሰበረ ራዲዮ በወጣ ዕቃ ነበር፤ ድምፅ ወጣለት፣ እንደ ልጅ ዘለለ። ከዚያ ማሻሻል ጀመረ። የድምፅ መጨመሪያው ሲዞር ይንኮሻኮሽ ነበርና ለወጠው። ቀጥሎ ሽቦውን ለወጠ። የቆርቆሮውን ሣጥን ጣለና የወይራ ሣጥን ከነ ብረት ወለሉ አሠራለት፤ ያንን ሣጥን ብታዪው ታቦት ይቀመጥበት ያስብላል፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እያንዳንዱን ነገር ሲለውጥ ድምፁ ትንሽ ጠራ ይልለታል፣ እሱም ሳምንቱን ሙሉ እያፏጨ ይሄዳል። ደስተኛ ሰው ነበር። ሱሱ ማንንም አልጎዳም።

አንድ ነገር ግን እንቢ አለው፤ ሣጥኑ ያጉረመርማል። ዘፈኑ ገና ሳይጀምር፣ አምፖሎቹ እንደሞቁ፣ ከስፒከሩ እምምም የሚል ድምፅ ይመጣል። ዘፈኑ ሲያበቃም እሱ አያበቃም። አምፖሎቹን ለወጠ፤ ያው ነው። ኮንደንሰር የሚሉት አለ፣ ኤሌክትሪኩን እንደ ወንፊት የሚያጠራ፤ እሱን በትልቅ ለወጠ፤ አሁንም ያው። ትራንስፎርመሩን በተሻለ ሲለውጥማ ባሰበት። ለካ አዲሱ ትራንስፎርመር ወፍራሙን ድምፅ አሳምሮ ስለሚያሳልፍ ማጉረምረሙንም አብሮ አሳምሮ አሳለፈው። ሚስቱ ሳቂታ ናት፣ «ከጅብ ቆዳ የተሠራ ከበሮ እንብላው እንብላው ይላል አሉ፤ አንተ ደግሞ ከምን ቆዳ ነው የሠራኸው?» እያለች ታበሽቀዋለች።

አሁን ሌላውን ነገሩን ልንገርሽ። ይህ ሰው አንድ ታናሽ ወንድም አለው፤ ገጠር፣ አባታቸው መሬት ላይ የቀረ ገበሬ። አባት ሲሞቱ ማሳውን ለሁለት ተካፈሉና መሐሉ ላይ የወሰን ድንጋይ ተተከለ። በሁለተኛው ዓመት ከተሜው ለበዓል ቢሄድ «ድንጋዩ ሁለት እርምጃ ወደ እኔ ተገፍቷል» አለ። ታናሽየው «በሬ ገፍቶት ይሆናል እንጂ እኔ አልነካሁትም» አለ። ቃል ከቃል ተመላለሱ፣ ክፉ ክፉ ተናገሩ። በሁለት እርምጃ መሬት ሰባት ዓመት ተዘጋጉ። ከተሜው ደግሞ ከዚያ የባሰ ነገር አደረገ፤ የራሱን ድርሻ ለወንድሙ እንደመስጠት ባዕድ ሰው አምጥቶ በእኩል አሳረሰው። ታናሽየው ክረምት በመጣ ቁጥር የአባቱን ማሳ ባዕድ ሰው ሲያርሰው ከወሰኑ ወዲህ ቆሞ ያያል። እዚህ ላይ ልብ በይ ልጄ። የሣጥኑ ነገር ጨዋታ ነው፤ ወንድም ወንድሙን ለዘላለም ሊያጣ መሆኑ ነው ቁም ነገሩ።

እኔ ስንቴ መከርኩት። ሁልጊዜ መልሱ አንድ ነው፤ «ልቤ ሲጠራ እሄዳለሁ አባ» ይለኛል። ጠላ እንኳ በሳምንቱ ይጠራል፤ የእሱ ልብ ሰባት ዓመት ፈጀበት። አንድ ቀን ተቆጥቼ «እስኪ ከታች የቀረውን አተላ አሳየኝ» ስለው ስቆ አለፈኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ታናሽየው በመልእክተኛ «ወንድሜ ደህና ነው?» ብሎ ሁለት ጊዜ እንዳስጠየቀኝ አውቃለሁና።

እናልሽ ለሣጥኑ መፍትሔ ሲያጣ፣ በከተማው ዳር የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ራዲዮ ጠጋኝ እንዳሉ ሰማ። በልጅነታቸው ድሬዳዋ ከጣልያኖች ጋር ሠርተው የተማሩ፣ አሁን ጆሯቸው የደከመ፣ ሥራ የተዉ፣ ቁጡ ሰው ናቸው። እቤታቸው ሰው አያስገቡም ስለተባለ በስልክ ደወለላቸው። የለወጠውን አምፖል፣ ኮንደንሰሩን፣ ትራንስፎርመሩን፣ እምምምታውን፣ ሁሉን አንድ በአንድ ነገራቸው። ሽማግሌው እስኪጨርስ ጠበቁና እንዲህ አሉት፤ «ማሳህ የተከፋፈለ ነው። ማሳው የተከፋፈለ ሰው ማጉረምረም አይለየውም። ሂድና ማሳህን አንድ አድርግ።» ይህን ብለው ስልኩን ዘጉት።

ሰውየው ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቀረ። ስለ ወንድሙ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ስለ ማሳው ማን ነገራቸው? የተማረ ሰው ነው፤ የዚህን ሥራ ሙያ ያወቀው ከፈረንጅ መጽሐፍና ከኢንተርኔት ነው። ጠንቋይ ቤት አይሄድም። ግን ፈራ። በማግስቱ እኔ ጋ መጣና «አባ፣ በወንድማማች ጠብ የተነሣ ዕቃ ሊያጉረመርም ይችላል ወይ? ሽማግሌው የበቁ ሰው ይሆኑ እንዴ?» አለኝ። ምን ልበለው? ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀው ማብሪያና ማጥፊያውን ብቻ ነው። ስለ ወንድማማች ግን ትንሽ አውቃለሁ። «ሂድና ሞክረዋ፤ ምን ትጎዳለህ?» አልኩት። ሳቄን ውጬ ነው ያልኩት፣ አልዋሽሽም።

ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄደ። መንገዱን ሁሉ ወንድሙን እያሰበ እንዳይመስልሽ። የሚያስበው ሣጥኑን ነው። «ይቺ እምምምታ ከጠፋችልኝ ሁለት እርምጃ መሬት ምን አባቱ» እያለ ነበር የሚሄደው። ራሱ ነው የነገረኝ።

እንግዲህ እንደምታውቂው በአገራችን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ከአውቶቡስ ወርዶ ማሳውን ሲያቋርጥ ይህ ትዝ አለው። ዞር ዞር ብሎ ድንጋይ ቢፈልግ አባታቸው ዕድሜ ልካቸውን ሲለቅሙት የኖሩት መሬት ነው፤ ጠጠር እንኳ የለበትም። አንድ ደህና ድንጋይ ብቻ አገኘ፣ ለትከሻ የሚመች። ነቀለና ተሸከመው። የወሰኑ ድንጋይ መሆኑን ልብ አላልኩም ይላል። ሰባት ዓመት ስላላየው ዘንግቶት ይሆናል፣ ሣሩም ሸፍኖት ይሆናል። እኔ አምኜዋለሁ፤ አንቺ እንደፈለግሽ።

ታናሽየው ደጁ ላይ በሬዎቹን ውሃ እያጠጣ ነበር። ቀና ሲል ታላቅ ወንድሙን አየ። ቀጥሎ ድንጋዩን አየ። ያንን ድንጋይ እሱ ጠዋት ማታ ሲያየው ነው የኖረው፤ ከመቶ ድንጋይ መሐል ቢያስቀምጡት ይለየዋል። «ወንድሜ ወሰናችንን ነቅሎ መጣ» አለ በልቡ። ባልዲውን ጥሎ ሮጠ፤ ድንጋዩን ከትከሻው ተቀብሎ መሬት ላይ አኖረውና አንገቱን አቀፈው። ሁለቱም እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ከተሜው ለማልቀስ አልነበረም የመጣው። «አባ፣ እሱ አንገቴን ሲያቅፈኝ የአባቴ ሽታ ሸተተኝ። ከዚያ ወዲያ ሣጥኑም ምኑም ጠፋብኝ» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ታናሽየው «ድንጋዩን ወዴት እንመልሰው?» ብሎ ጠየቀ። ታላቅየው ያን ጊዜ ነው ምን እንደተሸከመ የገባው። «አይመለስም። ባዕዱ ሰውዬ የዘንድሮውን አዝመራ ይሰብስብ፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱንም አንተ እረሰው» አለው። እንዲህ ሆኖ ማሳው አንድ ሆነ።

እሑድ ወደ ከተማ ተመለሰ። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሣጥኑን አበራው። አምፖሎቹ ቀስ ብለው ቀሉ። ሰውየው እጁን አጣምሮ ቆመ። እምምም።

ደሙ ፈላ። ሰኞ ሣጥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ አያስገቡም ቢባልም የሽማግሌው ቤት ድረስ ሄዶ በሩን ደበደበ። ሲከፍቱለት «ማሳህን አንድ አድርግ ብለውኝ አንድ አድርጌያለሁ። ይኼው አሁንም ያጉረመርማል!» አላቸው።

«የት ጋ ነው አንድ ያደረግኸው?» አሉት ጆሯቸውን አስጠግተው።

«ገጠር።»

«ምን?»

«ገጠር ነዋ፣ ከወንድሜ ጋር!»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ትክ ብለው አዩትና «ልጄ፣ ጤና የለህም እንዴ?» አሉት። ከዚያ ሣጥኑን ተቀብለው ገለበጡትና ከብረት ወለሉ ጋር የታሰሩትን ሽቦዎች ጫፍ በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ፤ አምስት ቦታ ታስረዋል። «ማሳ ማለት ይኼ ብረት ነው። ኤሌክትሪኩ ሥራውን ጨርሶ የሚመለስበት። እኛ ከጣልያኖቹ የለመድነው ቃል ነው። አንተ ሁሉንም ሽቦ ባገኘኸው ብሎን፣ በቀረበው ቦታ አሰርኸው። በየፊናው ሲመለስ እርስ በርሱ እየተጋጨ ነው የሚያጉረመርመው። አንድ ቦታ ይመለሱ ነው ያልኩህ» አሉት። ሰውየው ግራውንድ ብለውት ቢሆን ወዲያው ይገባው ነበር፤ ከፈረንጁ መጽሐፍ የሚያውቀው ያንን ነው። ማሳ ሲሉት ግን በሆዱ የነበረው የአባቱ ማሳ ስለሆነ እሱኑ ሰማ።

ሽማግሌው ሽቦዎቹን ፈታትተው ባንዲት ብሎን ላይ ሰብስበው ስታኞ በሚሉት ቀላጭ እርሳስ በየዷቸው። ሩብ ሰዓት አልፈጀባቸውም። ሲያበሩት ሣጥኑ ዝም አለ። ሰውየው የተበላሸ መስሎት ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጠፈ። ሽማግሌው አንድ የክራር ዘፈን ከፈቱለት፤ ባለ ክራሩ ጣቱን ከጅማቱ ላይ ሲያነሣ ሳይቀር ይሰማል። ሁለት ዓመት የደከመለት ነገር ይኼው መጣለት።

ደስ ሊለው ሲገባ ግን ፊቱ ጠቆረ። «እንዲያ ከሆነማ ድንጋይ የተሸከምኩት በከንቱ ነው። ሳይገባኝ ነው የሄድኩት። ወንድሜንም አታለልኩት» አለ። ሽማግሌው የሚበይዱበትን ብረት እያቀዘቀዙ፣ «ታዲያ ሄደህ ልትመልሰው ነው?» አሉት።

«ምኑን?»

«ድንጋዩን። ከነቀልክበት ልትተክለው ነው ወይ?»

ሰውየው ድንጋዩን መልሶ ሲተክል ታየው። ሳቅ ያዘው። ያ ቁጡ ሽማግሌም አብረው ሳቁ፣ እንባቸው እስኪመጣ።

ነገሩ ግን ከሆዱ አልወጣም። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ታናሽ ወንድሙ ሊጠይቀው ከተማ መጣ። እሱም ወንድሙን ከሣጥኑ ፊት አስቀምጦ ዘፈን ከፈተለትና ሁሉንም ተናዘዘለት፤ ስልኩን፣ ማሳ የሚለውን ቃል፣ ድንጋዩን ሳያውቅ መንቀሉን፣ የመጣው ለእሱ ብሎ እንዳልነበረ። ሲጨርስ ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። ገበሬው ወንድሙ እስከ መጨረሻው ሰማውና «ሰባት ዓመት መንገድ መንገዱን ሳይ ኖሬ፣ ስትመጣልኝ ምን አመጣህ ብዬ ልመርምርህ? መጣህ። በቃኝ። ይልቅ ዘፈኑን ከፍ አድርገው» አለው።

«ከፍ አይልም፤ ሁለት ዋት ነው» አለ ታላቅየው።

«እንግዲያው እኔ ልጠጋ» አለና በርጩማውን ይዞ ወንድሙ ጎን ተቀመጠ። ሚስቱ ናት ይህን የነገረችኝ። ሁለቱ እንደዚያ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ምሳ ቀርቦ እስኪቀዘቅዝ አልተነሡም።

እንግዲህ ይታይሽ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ፤ ሣጥኑም ሠርግሽ ነው። ልቤ ሳይጠራ ብሄድ ብለሽ ትፈሪያለሽ። እሱም ልቡን አጥርቶ አልሄደም፤ ሣጥኑን ሊጠግን ነው የሄደው። ደጅ ላይ የነበረው ወንድሙ ግን የተቀበለው ወንድሙን ነው። እህትሽም በሯን ከፍታ የምታየው አንቺን ነው፤ ምክንያትሽን የት ታየዋለች? ልቤ ሲጠራ እያልሽ እቤትሽ ብትቀመጪ አምስቱ ዓመት አሥር ይሆናል፣ ልብሽም እዚያው እንደደፈረሰ ይኖራል። ልብን የሚያጠራው የዘመድ አንገት ማቀፍ ነው፤ ለዚያ ደግሞ አንገቱ ካለበት መድረስ ያስፈልጋል።

ግብዝነት ያልሽውን ልመልስልሽ። ግብዝ የሚባለው ሳይጠራለት ጠርቶልኛል ብሎ የሚምል ነው። አንቺ አትማዪ። ወድጄሽ መጣሁ አትበያት፣ ረስቼዋለሁም አትበያት። «ላገባ ነው፤ አንቺ ሳትኖሪ ሙሽራ መሆን ከበደኝ» በያት። ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አትጨምሪ።

እስቲ አሁን ለእኔ ንገሪኝ፤ ይህ ያልኩሽ ውሸት ነው? የሽማግሌዎቹን ተይውና፣ የሰው ወሬውንም ተይውና፣ ያን ቀን ጠዋት ልብሱን ስትለብሺ ከኋላሽ ቆማ የምታስተካክልልሽ ማን እንድትሆን ነው የምትፈልጊው?

ይኼውልሽ፣ ዓይንሽ ሞላ። ሠርግ ለማሳመር ብቻ የሚሄድ ሰው እዚህ ተቀምጦ አያለቅስም። ተነሺ በቃ ልጄ። ልብሽ ቀድሞሽ ሄዷል፤ የቀረው እግርሽ ነው።